“በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ?” ኦሲዲ ምንድን ነው? ህክምናውስ ለምን “መልስ አትስጠው” ይላል?

ከደባርቅ ተነስታችሁ ወደ ሳንቃበር ስትወጡ ቡይት ራስ አካባቢ ካለው አፋፍ ላይ ቆማችኋል እንበል። ከፊታችሁ ገደል ነው። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ምንም አይመስላቸውም። እናንተ ግን ድንገት አንድ ሐሳብ ብልጭ ይልባችኋል፦ “አሁን ብዘልስ?” ወይም “አጠገቤ የቆመውን ልጅ ብገፈትረውስ?” መዝለል አልፈለጋችሁም። ልጁንም አትጠሉትም። ሐሳቡ ግን መጣ።

አብዛኛው ሰው “ኤጭ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ!” ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ፎቶውን ተነስቶ ይሄዳል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ረስቶታል። አንዳንዱ ሰው ግን መርሳት አይችልም። “ይህን ማሰቤ ምን ማለት ነው? እኔ ክፉ ሰው ነኝ ማለት ነው? አንድ ቀን ባደርገውስ?” እያለ ሌሊቱን ያነጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገደል አይጠጋም፣ ቢላ አይነካም፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ብቻውን መሆን ይፈራል። ለማንም አይናገርም፤ ምክንያቱም “ቢሰሙኝ አብዷል ይሉኛል” ብሎ ያስባል።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ነው። ያለበት ነገር ስም አለው። ህክምናም አለው።

ሐሳቡ የሁላችንም ነው

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። መጥፎ ሐሳብ ሳይጠሩት መምጣቱ ብቻውን በሽታ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1978 ስታንሊ ራክማን እና ፓድማል ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ምንም ህመም የሌለባቸውን ሰዎች “ሳትፈልጉት የሚመጣባችሁ አስጨናቂ ሐሳብ አለ ወይ?” ብለው ጠየቁ። አብዛኞቹ “አለ” አሉ። የሐሳቦቹ ይዘት ከታማሚዎቹ ሐሳብ ጋር በጣም ይመሳሰል ስለነበር ባለሙያዎች እንኳ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ቀላል አልሆነላቸውም። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ13 አገሮች የሚገኙ 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠየቀ። ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብናል ያሉት 94 በመቶ ገደማ ናቸው።

ስለዚህ ልዩነቱ ሐሳቡ በመምጣቱና ባለመምጣቱ ላይ አይደለም። ልዩነቱ ሐሳቡ ከመጣ በኋላ የምንሰጠው ትርጉምና የምናደርገው ነገር ላይ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይሄ ነው፤ ህክምናውም የተሠራው እዚሁ ላይ ነው።

ኦሲዲ ማለት ምንድን ነው?

ኦሲዲ (በሙሉ ስሙ ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር) ሁለት ነገር አለው።

አንደኛው አባዜ ነው። ሳንፈልገው እየደጋገመ የሚመጣ፣ የሚያስጨንቅ ሐሳብ፣ ምስል ወይም ግፊት ማለት ነው።

ሁለተኛው ግዴታ የሚሆንብን ድርጊት ነው። ጭንቀቱን ለማስታገስ ወይም የምንፈራው ነገር እንዳይደርስ ብለን የምንደጋግመው ነገር ነው።

በእኛ ኑሮ ውስጥ ምን ይመስላል? ለምሳሌ፦

– ከገበያ የመጣ ብር ወይም የባጃጅ በር ነክቶ እጁ እስኪሰነጣጠቅ የሚታጠብ፤ በደባርቅ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ።
– በሩን ቆልፎ፣ ነክቶ፣ ገፍቶ፣ ተመልሶ መጥቶ እንደገና የሚያረጋግጥ።
– ውሻ በአጠገቡ ስላለፈ ብቻ “ነክቶኝ ይሆን? የእብድ ውሻ በሽታ ይዞኝ ይሆን?” እያለ ልብሱን ደጋግሞ የሚያጥብ።
– ጸሎት መሃል የስድብ ሐሳብ ስለመጣበት ከመጀመሪያው የሚጀምር፤ እንደገና፣ እንደገና።
– ውዱእ አድርጎ “ተበላሽቶብኝ ይሆን?” እያለ ደጋግሞ የሚያደርግ። ሙስሊም ወገኖቻችን “ወስዋስ” የሚሉት ነገር እዚህ ጋ ይቀራረባል።
– አራስ ልጇን እያየች “ብጎዳትስ?” የሚል ሐሳብ ስለሚመጣባት ልጇን ማቀፍ የፈራች እናት።

ስልካችንም ውስጥ አለ። የላከውን መልእክት ሃያ ጊዜ ከፍቶ “ሳላውቅ ሰድቤ ይሆን?” ብሎ የሚያነብ አለ። በሩን እንደቆለፈ ፎቶ አንስቶ ክላስ ውስጥ ፎቶውን ደጋግሞ የሚያይ አለ። አንድ የህመም ምልክት ጉግል ላይ ገብቶ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ የሚፈልግ አለ። ድርጊቱ የማይታይም ሊሆን ይችላል። በልብ መቁጠር፣ በልብ መጸለይ፣ የሆነውን ነገር እንደ ፊልም ወደ ኋላ እያጠነጠኑ መመርመር፣ ሁሉም ያው ነው።

ቤቱ ጽዱ እንዲሆን የሚወድ ሰው ሁሉ “እኔ እኮ ኦሲዲ አለብኝ” ሲል ትሰማላችሁ። አይደለም። ንጽሕና የሚወድ ሰው ሲያጸዳ ደስ ይለዋል። ኦሲዲ ያለበት ሰው ግን እየተሰቃየ ነው የሚያጸዳው። ባለሙያዎች የሚጠይቁት “በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድብሃል ወይ? ትምህርትህን፣ ሥራህን፣ ቤተሰብህን አበላሽቶብሃል ወይ?” ብለው ነው።

በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ወቅት ይህ ህመም ያጋጥማቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት፣ በጉርምስና ወይም በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ማለትም ልክ ይህን ጽሑፍ በስልኩ የሚያነበው ሰው ዕድሜ ላይ።

አዙሪቱ እንዴት ይሠራል?

አንድ ተማሪ አለ እንበል። ደባርቅ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ጎንደር ሊሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ገና ከከተማ ሲወጣ “በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ?” የሚል ሐሳብ መጣበት። እንደቆለፈ ያውቃል። ግን “እርግጠኛ ነኝ?” ሲል ልቡ መምታት ጀመረ። ላፕቶፑ ታየው፣ የተሰረቀ ቤት ታየው። ዳባት ሲደርሱ አልቻለም። ወረደ፣ በሌላ መኪና ተመለሰ፣ በሩን አየ። ተቆልፏል።

ኡፍፍ!

ይሄ “ኡፍፍ” ነው ችግሩ። ለምን መሰላችሁ? አእምሮው ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ “አደጋ ነበረ፣ የዳንኩት ስለተመለስኩ ነው” ይላል። ሁለተኛ፣ “ይህን ጭንቀት የሚያቆመው መመለስ ብቻ ነው” ይላል። “ባልመለስም በሩ ተቆልፎ ነበር” የሚለውን እውነት ግን የመማር ዕድል አላገኘም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓርብ ጥርጣሬው ቀድሞ፣ ጠንክሮ ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃ ነበር። ከዚያ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ፎቶ። ከዚያ ጓደኛን “ሄደህ እይልኝ” ማለት። በመጨረሻ ወደ ጎንደር መሄዱን ራሱ ይተወዋል።

በር ላይ ለመጣ ውሻ እንጀራ ብትቆርሱለት ለጊዜው ዝም ይላል። ነገ ግን በሰዓቱ ይመጣል፤ ከነገ ወዲያ ሌሎቹን አስከትሎ ይመጣል። ማጣራቱ፣ መታጠቡ፣ መጠየቁ ለጥርጣሬ የሚቆረስ እንጀራ ነው።

ህክምናው፦ መጋፈጥና ምላሽ መንሳት

እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ይህ ህመም ተስፋ እንደሌለው ይታይ ነበር። በንግግር ብቻ “ለምን እንዲህ ታስባለህ?” እያሉ ዓመታት ቢቆጥሩም ለውጡ ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለንደን ውስጥ በሚድልሴክስ ሆስፒታል ሌላ ነገር ሞከረ። ሁለት ጽኑ ታማሚዎችን የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ እንዲነኩና እንዲጋፈጡ አደረገ፤ ከዚያ ነርሶች አብረዋቸው እየሆኑ የለመዱትን ድርጊት እንዳይፈጽሙ አገዟቸው። ሁለቱም ተሻላቸው። ከዚያ በኋላ እንደነ አይዛክ ማርክስ፣ ራክማንና ኢድና ፎዋ ያሉ ሰዎች አሠራሩን እያሻሻሉ ዛሬ ያለበት አደረሱት።

በእንግሊዝኛው አጠራር ኢአርፒ ይባላል። በእኛ ቋንቋ “መጋፈጥና ምላሽ መንሳት” ልንለው እንችላለን።

መጋፈጥ ማለት ጥርጣሬውን ወይም ፍርሃቱን የሚቀሰቅሰውን ነገር ሆን ብሎ፣ በራስ ፈቃድ መቅረብ ነው። ምላሽ መንሳት ማለት ደግሞ ጭንቀቱ ሲመጣ የለመድነውን ማስታገሻ አለማድረግ ነው። አለመታጠብ፣ አለማጣራት፣ አለመጠየቅ፣ በልብም አለመድገም።

ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሠሩት። እየነካ ወዲያው የሚታጠብ ሰው ምንም አልተማረም። ሳይነካ የማይታጠብም እንዲሁ።

ታዲያ ጭንቀቱስ? መጀመሪያ ይጨምራል። ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል። ግን ምንም ሳታደርጉ ከጭንቀቱ ጋር ብትቆዩ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ቀን ባይቀንስ እንኳ ትልቅ ነገር ትማራላችሁ፦ “የፈራሁት አልደረሰም፤ ጭንቀቱንም መሸከም ችያለሁ።” ሲደጋገም አእምሮ አዲሱን ትምህርት ይይዛል።

በተግባር ምን ይመስላል? የመሰላል ምሳሌ

ማንም ከአፋፉ አይጀምርም። ከባለሙያው ጋር ተቀምጣችሁ የምትፈሩትን ነገር ሁሉ ትጽፋላችሁ፤ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያስጨንቃችሁ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ትሰጡታላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያለው ማስታወሻ ይበቃል። የዚያ ተማሪ መሰላል ይሄን ሊመስል ይችላል፦

30 – አንድ ጊዜ ቆልፎ፣ ሳይነካና ሳይገፋ፣ እስከ ሱቅ ሄዶ መመለስ።
45 – አንድ ጊዜ ቆልፎ ክላስ መግባት። ፎቶ ማንሳት የለም።
60 – ሙሉ ቀን ውጭ ውሎ፣ ጓደኛውን “ስወጣ ቆልፌ ነበር አይደል?” ብሎ አለመጠየቅ።
75 – ቆልፎ ሲሄድ ለራሱ “ምናልባት ክፍት ሊሆን ይችላል” እያለ መራመድ።
95 – ጎንደር ሄዶ፣ አድሮ፣ ለማንም ሳይደውል መመለስ።

75 ላይ ያለውን ልብ በሉት። “አይዞህ ተቆልፏል” አላለም። “ምናልባት” ነው ያለው። ኦሲዲ የሚፈልገው መቶ በመቶ እርግጠኝነት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ደግሞ ማንም መቶ በመቶ እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም። ሌላው ሰው በሩን ቆልፎ የሚሄደው እርግጠኛ ስለሆነ አይደለም፤ ትንሿን “ምናልባት” ይዟት ስለሚሄድ ነው። ህክምናው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

አንዱ ደረጃ እስኪቀል ይደጋገማል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ዋናው ሥራ ግን የሚሠራው ቤት ነው፣ በየቀኑ። አንድ ቀን ተሸንፋችሁ ብታጣሩ ሁሉም ነገር አልፈረሰም። በማግስቱ ከዚያው ደረጃ ትቀጥላላችሁ።

ምን አይደለም?

ስለዚህ ህክምና ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ።

ጥንቃቄን መተው አይደለም። ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ይቀጥላል፤ እንደማንኛውም ሰው፣ አንድ ጊዜ። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ቤት ካስገባችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ማውጣት የግድ ነው፤ የከሰል ጭስ ይገድላል። አንድ ጊዜ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ ማየት ጥንቃቄ ነው። አሥር ጊዜ ከአልጋ መነሳት ግን ኦሲዲ ነው። ውሻ በእርግጥ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ደግሞ “መጋፈጥ” የሚባል ነገር የለም፤ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና በደንብ አጥባችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ህክምናው የሚመለከተው “ምናልባት ሳላየው ነክቶኝ ይሆን” የሚለውን ነው።

ማስገደድ አይደለም። ቤተሰብ የቧንቧ ውሃ ዘግቶ፣ እጅ ይዞ “ዛሬ አትታጠብም!” ቢል ህክምና አይባልም፤ ፍርሃቱን ያባብሳል። ደረጃውን የሚመርጠው ታማሚው ራሱ ነው።

ሐሳብን ማባረርም አይደለም። እስቲ ለአንድ ደቂቃ ስለ ዋልያ አታስቡ። ምን ሆነ? መጣ አይደል? ሐሳብ ሲባረር ይብስበታል። ይምጣ፣ ይቀመጥ፤ እናንተ ግን ሥራችሁን ቀጥሉ።

ስለ እምነትስ?

ይሄ ጥያቄ በእኛ አካባቢ የግድ ይነሳል። ለመቁረብ ተዘጋጅቶ “ፊቴን ስታጠብ ውሃ ጉሮሮዬ ገብቶ ይሆን?” ብሎ ቁርባን የቀረ ሰው አለ። አንድ ኃጢአት በንስሐ ተናግሮ “በደንብ አላስረዳሁም” እያለ በየሳምንቱ የሚመለስ አለ። ከውጭ ሲታይ ጽድቅ ይመስላል። ከውስጥ ግን ፍርሃት ብቻ ነው።

ህክምናው ማንንም ከእምነቱ አያወጣም፤ እምነቱ የከለከለውን አድርግም አይልም። ግቡ እንደ ሌላው ምእመን መጸለይ ነው፤ አንድ ጊዜ ጸልዮ፣ ሐሳብ ቢመጣም ሳያቋርጥ ጨርሶ መሄድ። ስለዚህ የንስሐ አባትን ወይም ኢማሙን ማማከር ይጠቅማል። አንድ ጊዜ ግን። “ሥርዓቱ ምን ይላል?” ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቆ መልሱን መያዝ ጥሩ ነው። ያንኑ ጥያቄ በየቀኑ ማመላለስ ግን ራሱ የህመሙ ክፍል ነው።

ጸበልስ? ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ በዚህ ማንም ሊወቀስ አይገባም። ጸበልና ህክምና አንዱ ሌላውን አያስቀርም። በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበል ቦታ አገልጋዮች ተባብረው የሠሩበት ልምድም አለ። አስቸጋሪ የሚሆነው አንዱን ለመጀመር ሌላውን አቁሙ ሲባል ነው፤ በተለይ የተጀመረ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ።

ቤተሰብ ሆይ፣ ይሄ ለእናንተ ነው

በጣም የምትወዱት ሰው እያለቀሰ “እማዬ፣ ቆልፌዋለሁ አይደል? አይተሻል አይደል?” ሲላችሁ “አዎ ልጄ፣ ተቆልፏል” ማለት ፍቅር ነው። ግን እንጀራውን ቆረሳችሁለት ማለት ነው። በማግስቱ አምስት ጊዜ ይጠይቃል። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት ደግሞ አንዱ ልጅ ሙሉ ጀሪካን በእጁ ላይ ሲጨርስ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ያባብላል፤ ሁለቱም አይሠራም።

ታዲያ ምን ይባል? አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እሱ ራሱ ደህና በሆነበት ሰዓት። ከዚያ ጥያቄው ሲመጣ እንዲህ ልትሉት ትችላላችሁ፦

“እንደጨነቀህ አይቻለሁ ልጄ። መልስ ብሰጥህ ግን ነገም እንደሚብስብህ ተነጋግረናል። ና፣ ቡና እየተፈላ ነው፣ አብረን እንቀመጥ።”

ጥያቄው መልስ አላገኘም። ሰውየው ግን ብቻውን አልተተወም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒትስ?

መድኃኒት ያግዛል። ለዚህ ህመም የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉ፣ ለድባቴም የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ ክሎሚፕራሚንም አለ። ሥራቸው እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ መጠኑም ለድባቴ ከሚሰጠው ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ “ሁለት ሳምንት ወስጄ ምንም አልሆነም” ብሎ መተው ትክክል አይደለም። ከጓደኛ ተቀብሎ መጀመርም፣ በራስ ውሳኔ ማቆምም አደገኛ ነው።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ የነ ፎዋ ጥናት 122 ሰዎችን በአራት ከፍሎ አወዳድሯል። መጋፈጥና ምላሽ መንሳትን ከጀመሩት መካከል 62 በመቶው፣ ክሎሚፕራሚን ከጀመሩት 42 በመቶው፣ ሁለቱንም አብረው ከጀመሩት 70 በመቶው መሻሻል አሳይተዋል። መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ከተሰጣቸው ግን 8 በመቶው ብቻ። ቁጥሩ ሁለት ነገር ይነግረናል። ህክምናው በእርግጥ ይሠራል። ደግሞም ሁሉም ሰው ላይ በአንድ ጊዜ አይሠራም፤ የመጀመሪያው ካልሆነ ሌላውን መጨመር ወይም መቀየር ያስፈልጋል።

የት ልሂድ?

እዚህ ጋ እውነቱን እናውራ። በአገራችን የአእምሮ ሐኪም ብርቅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ለዚህ ሙያ ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል፤ ግን በየወረዳው አይገኝም።

ሆኖም መነሻ የሚሆን ቦታ አለ። ደባርቅ ወይም ዳባት ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱና “የሳይካትሪ ነርስ ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ሪፈር አጽፉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለው። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ የግቢያችሁን የምክር አገልግሎትም ጠይቁ።

ስትገቡ የምትሉትን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ብዙ ሰው ባለሙያው ፊት ሲቀርብ አፍሮ “እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ራሴን ያመኛል” ብቻ ብሎ ይወጣል፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። ይሄን በሉ፦ “የማልፈልገው ሐሳብ እየደጋገመ ይመጣብኛል። እሱን ለማስታገስ እንዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። በቀን ይሄን ያህል ሰዓት ይወስድብኛል።” ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የሐሳቡ ይዘት ቢያሳፍራችሁም ንገሩት። የስድብ ሐሳብ፣ የወሲብ ሐሳብ፣ ሰው የመጉዳት ሐሳብ ለሙያው ሰው አዲስ አይደለም። ከዚያ “መጋፈጥና ምላሽ መንሳት፣ ኢአርፒ የሚባለውን ትሠራላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ባለሙያው ሩቅ ከሆነ ስልክም መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ 72 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ህክምና በስልክ ጥሪ የተከታተሉት በአካል ከቀረቡት ያልተናነሰ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ቪዲዮ እንኳ አላስፈለገም፤ ተራ የድምጽ ጥሪ ነው። ዳታ በሚቋረጥበት አካባቢ ላለን ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ጎንደር ሄዳችሁ ከታያችሁ በኋላ “ቀጣዩን ክትትል በስልክ ማድረግ እንችላለን?” ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ህመሙ ቀላል ከሆነ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ ከመሰላሉ ዝቅተኛ ደረጃ በራስ መጀመር ይቻላል። እሱም ቢሆን ለአንድ የምታምኑት ሰው ነግራችሁ።

መጠበቅ የሌለበት ጊዜ

የኦሲዲ ሐሳብ ያለበት ሰው ሐሳቡን ይፈራዋል፣ ይጠላዋል። ልጇን የመጉዳት ሐሳብ የሚያስጨንቃት እናት የምትጨነቀው ልጇን ስለምትወድ ነው። ነገሩ ሌላ የሚሆነው ሰውየው በእውነት መሞት ሲፈልግ ወይም እንዴት እንደሚያደርገው ማሰብ ሲጀምር ነው። አራስ የሆነች እናት ድምጽ ከሰማች፣ ግራ ከተጋባች፣ ቀን ከሌሊት እንቅልፍ ካጣች፣ ልጁን መጉዳት ትክክል ከመሰላትም እንደዚያው። ይሄ ቀጠሮ አይጠበቅለትም። ሰውየውን ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ኦሲዲ ያለባቸው ሰዎች ለዓመታት ደብቀውት ይኖራሉ። ጓደኛችሁ ሁልጊዜ አርፍዶ ክላስ የሚገባ፣ እጁ ቆስሎ የሚታይ፣ “ይቅርታ፣ አስቀየምኩህ እንዴ?” የሚለውን ደጋግሞ የሚጽፍ ከሆነ ምናልባት ሰነፍ ወይም አካባጅ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰው ካወቃችሁ ይህን ጽሑፍ ኮመንት ላይ ስሙን ጠርታችሁ አታሳዩት። በውስጥ መስመር ላኩለት፤ “አንብበውና እንደዋወል” በሉት።